የ«ሰባተኛው ተሳቢ» መጋጠሚያ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ሽኝት ይደረግለታል፤ ጋቢ ይለብሳል፣ አለቃው የምስጋና ንግግር ያነብለታል። እኔን ያሰናበተኝ የዓይን ሐኪም ነው። «ወይዘሮ ገነት፣ ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ይበቃዎታል» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ካፈጠጥኩ በኋላ ነው የምትነግረኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሳቀና መነጽር አዘዘልኝ።

አዳማ ውስጥ የፊልምና የቪዲዮ ኤዲተር ነበርኩ። ከዝዋይ እስከ ዱከም ስንትና ስንት ሰርግ፣ የተማሪ ምረቃ፣ የፋብሪካ ምረቃ፣ በኋላም አራት ሙሉ ፊልም በእጄ አልፏል። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ይቀጥል፣ አልቀናም። ግን ከሠራሁት ሁሉ አንዱን ሳልናገር አልቀመጥም፤ የምኮራበትም የማፍርበትም ሥራዬ እሱው ነውና።

ሥራ የጀመርኩት ከተማችን ገና ናዝሬት እየተባለች ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት በመቁረጥ ነው። ላይኛው ማሳያ ክፍል ውስጥ ጋሽ ስንታየሁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ፊልም በሪል የሚጠቀለል ነው፤ ያረጀ ስለሚመጣልን በየሳምንቱ ይበጠሳል። ሲበጠስ አዳራሹ ይጨልማል፣ ሕዝቡ ያፏጫል፣ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ይጮኻል። ጋሽ ስንታየሁ አይደነግጡም። «ሌባ የሚያዘው ሲሮጥ ነው፤ እኔ አልሮጥም» ይሉና እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ልብ በሉልኝ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጮኸባቸው እጃቸውን ይታጠባሉ! ከዚያ የተበጠሰውን ጫፍ በምላጭ ያስተካክላሉ፣ በስሱ ይፍቁታል፣ ሙጫ ጠብ ያደርጉበትና ሁለቱን ጫፎች ገጥመው እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። አንድ ቀን ሻይ ላደርስላቸው ወጥቼ አፌን ከፍቼ ስመለከት አዩኝ። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይ ያዢልኝ» አሉኝ። ከትኬት በር የተነሳሁት በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

ቪዲዮ መጥቶ ሲኒማ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ጋሽ ስንታየሁ የሰርግ ቪዲዮ ቤት ከፈቱ፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ያስተማሩኝ ግን እስካሁን ያበላኛል። «ሰው ሲቀመጥ እያሳየሽ ከሆነ መቀመጡ ሳያልቅ ቁረጪ» ይሉኛል። «ዓይን እንቅስቃሴውን ሲከተል መጋጠሚያውን አያይም።» ደግሞ አንድ አመል ነበራቸው። ካሴት ከካሜራ ሲወጣ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ይገፏታል፤ እሷ ከተዘጋች ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር አይቀረጽም። ቀጥለው ስሙን ይጽፉበታል፤ በመጨረሻ ጮክ ብለው ያነቡታል። «የወለንጪቲ ሰርግ፣ ሁለተኛ ካሴት!» ይላሉ፣ ሙሽሮቹ አጠገብ ቆመው። ሚዜዎቹ ያበዱ ይመስላቸዋል። እኔ ረስቼ ካሴቱን ስም ሳልጽፍበት ቦርሳ ውስጥ ከከተትኩ ቦርሳውን ዘርግፈው ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። «እሺ ጋሼ» እላለሁ፤ በሆዴ ግን «ኧረ እኚህ ሰውዬስ አበዙት» እያልኩ ነው።

አለቃ አላጣሁም። ዱከም አንድ ፋብሪካ የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ስሠራ ሥራ አስኪያጁ በየማሽኑ አጠገብ እሱ ራሱ ካልቆመ አይሆንም አለ፤ ማሽኑ ሃያ ዓይነት፣ እሱ ያው አንድ ሰው። ሞጆ ደግሞ አንድ ነጋዴ ከልጁ ሰርግ ቪዲዮ የእንግዶቹን ግማሽ አውጪልኝ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ፤ ከእነሱ ጋር ተጣልቶ ነው። አወጣሁለት። ሁለት ወር ሳይሞላ ታርቆ «መልሺልኝ» ሲል መጣ። መለስኩለት፤ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ ሰው ቢያየው አይለየውም። እንዲህ ያለ እጅ ነበረኝ፣ ራሴን ላመስግን እንጂ ማን ያመሰግነኛል!

ጋሽ ስንታየሁ አርጅተው አሰላ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ቤቱ በእኔ እጅ ቀረ። ከድር የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከድር ከጅቡቲ ሞጆ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የመልካሳ ገበሬ ልጅ። ጋቢናው ውስጥ ወረፋ እየጠበቀ በጭነት ደብተር ጀርባ ላይ ፊልም ጽፏል። «ሰባተኛው ተሳቢ» ይባላል። ታሪኩ ተሳቢውን ሞጆ ላይ ስለተቀማ ሹፌር ነው። ሹፌሩ ወንበዴዎቹን ሲያሳድድ አዋሽ ድልድይ ላይ ይደበደብና ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ከሞት ተርፎ አባቱ ጋ ይደበቃል፤ ክረምቱን እዚያ ከርሞ ሲያገግም ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ድብድቡ የእውነት፣ መኪናው የእውነት፣ ተዋናዮቹ ሹፌሮች። «ገኒ፣ ካሜራ ገዝቻለሁ። አንቺ ቅረጪ፣ አንቺ ቁረጪ» አለኝ። ሳልደራደር እሺ አልኩ። እስከዚያ ቀን የሰው ሰርግ እንጂ የራሴ የምለው ነገር ሠርቼ አላውቅም።

በደረቁ ወራት እስከ ድልድዩ ትዕይንት ድረስ ቀረጽን። ከዚያ ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ መልካሳ ሄደን የአባትየውን ትዕይንት ቀረጽን። አባት ሆነው የተጫወቱት የከድር የራሱ አባት ኦቦ ቃሲም ናቸው። ማሳቸው ዳር፣ ደረቅ የማሽላ አገዳ ፊት ለፊት ተቀምጠው ልጁን በኦሮምኛ ይመክሩታል። ተዋናይ አይደሉም፤ ግን ሲናገሩ ካሜራውን ይዤ እንባዬ መጣ። የደረቁን ወራት ፊልምና የክረምቱን ፊልም የሚያገናኘው ይህ ትዕይንት ብቻ ነበር። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ አወጣሁ፣ ኦቦ ቃሲም ምሳ ካልበላችሁ ብለው ሲጎትቱን መዝጊያዋን ሳልገፋ፣ ስም ሳልጽፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ወንጂ ሰርግ ነበረኝ። ጥር መሆኑን አትርሱ፤ ጥር ላይ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ስሙንም ይረሳል። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን መመረቅ ሲጀምሩ ካሴቴ አለቀ። እሑድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው፤ የሽማግሌ ምርቃት ደግሞ ቆም በሉልኝ አይባልም። ሳይቀረጽ ከቀረ ወንጂ ሁለተኛ አልረግጣትም። ቦርሳዬን ስፈትሽ ስም የሌለው ካሴት አገኘሁ። ባዶ ነው አልኩና ካሜራው ውስጥ ዶልኩት።

ሰኞ ሥራ ቤቴ ገብቼ የመልካሳውን ካሴት ስፈልግ አጣሁት። የወንጂውን ከፈትኩ። ኦቦ ቃሲም መቀመጥ በነበረባቸው ቦታ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ ክበዱ» እያሉ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝ። ምርቃቱ ሲያልቅ ማሽኑን ወዲያው አጠፋሁት፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። የሙሽራዋ ቤተሰብ ዋናውን ካሴት ካልሰጠሽን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ማስረጃው ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ከድር መጣ። «አባቴ እንዴት ሆነ?» አለኝ እየሳቀ። «ካሜራው ካሴቱን በላው» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከድር ራሱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከዚያ «ይሁን፣ አላህ ያለው ነው» አለ። አባቱን እንደገና ቢለምናቸው እምቢ አሉ፤ «አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ሰው አንድን ነገር ስንቴ ይናገራል?» አሉት። ክረምት ላይ ታመሙ፣ ጥቅምት ላይ አረፉ። የክረምቱን ፊልም ጨርሰን ብንገጥመውም አልገጥም አለ። ከደረቅ አገር ተነስቶ አረንጓዴ ውስጥ ዘው! ሰውየው ወንዝ ውስጥ ወድቆ በሚቀጥለው ደቂቃ ወፍሮ ጢም አውጥቶ ይታያል። ሲቸግረው ከድር «በቃ፣ ሁለት ፊልም ይሁን» አለ። የመጀመሪያውን ድልድዩ ላይ አቋረጥነው፤ ሁለተኛው ላይ «ባለፈው ክፍል» የሚል ማስታወሻ ለጠፍንበት። ሕዝቡ ወደደው። ልብ አንጠልጥሎ ማቆም እንዴት ያለ ብልሃት ነው እያሉ አደነቁን። እኔ ግን ሲያደንቁኝ አንገቴን እሰብር ነበር፤ ያ ብልሃት የእኔ ጥፋት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ማን ነው? የእኔ ውሸት እያደር ከበደ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ታክሜ ሱቄን ልዘጋ ስል ከድር ጢሙ ሸብቶ መጣ። ወጣቶቹ የፊልሙን ቁርጥራጭ በስልክ ሲቀባበሉት ያየ አንድ የአዳማ ሲኒማ ቤት እንደገና እናሳየው ብሎታል። «ሁለቱን ክፍል አንድ አድርጌ፣ እኔ መጀመሪያ እንዳሰብኩት፣ የዳይሬክተር ቅጂ ብዬ ነው የማወጣው» አለኝ። «አንቺ ካልቆረጥሽው ደግሞ አላወጣውም።» ዓይኔ እያስቸገረኝ እንኳ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሁለት ሳምንት ሠራን። ማስታወሻውን አወጣን፣ የተረሳ የመኪና ማሳደድ መለስን፣ ድምፁን አጸዳን። ሁሉም ያምራል፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ያው ዘው ነው። ከድር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «አይ ያቺ ካሜራ! አባቴን ባትበላብኝ ኖሮ» አለ። ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም።

«ከድርዬ፣ ካሴቱን ካሜራው አልበላውም።»

«ታዲያ ማን በላው?»

«እኔ ነኝ። ስም ሳልጽፍበት ቀርቼ የወንጂን ሰርግ ቀረጽኩበት። ፈርቼ ዋሸሁህ።»

ስክሪኑ ላይ የቆመውን ድልድይ ትኩር ብሎ አየ። «ካሜራውን እኮ ለወንድሜ ልጅ መጫወቻ ሰጠሁት» አለ በመጨረሻ። «ብሎኑን ሲፈታው ይበልሽ እያልኩ ሳቅሁባት።» ቀጥሎ «አባቴ ግን...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

እኔም አልተቀመጥኩም። በዚያው ታክሲ ይዤ እናቱ ቤት ሄድኩ። ሃዳ ከድር እንላቸዋለን፣ የከድር እናት ማለት ነው፤ ባላቸው ካረፉ ጀምሮ አዳማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የኦቦ ቃሲም ከመታወቂያ ፎቶ በቀር ምስል እንደሌላቸው ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ምን ልበልሽ ልጄ? ከቻልሽ ፊቱን አምጪልኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከድር በሬ ላይ መኪናውን አስነስቶ ቆሟል። ሰላምታም የለ። «ሙሽራዋ የማን ልጅ ነበረች?» አለኝ።

«ለምን?»

«ካሴቱ የስንት ደቂቃ ነው?»

«ስድሳ።»

«ምርቃቱ ስድሳ ደቂቃ ፈጀ?»

ሠላሳ ዓመት ካሴት ስይዝ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያሰበው ግን ሹፌሩ ነው። ላይ የተቀረጸው የታችኛውን የሚያጠፋው እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ነው። ያን ሰኞ ማሽኑን አጥፍቼ ባልሸሽ ኖሮ ያኔውኑ አየው ነበር።

ወንጂ ሙሽራዋን አገኘናት። ትዕግሥት ትባላለች፤ አስተማሪ ናት፣ ሦስት ወልዳለች። ካሴቱ ቡፌ ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆ ጀርባ ተቀምጧል። ማጫወቻ ስለሌላት ከተሰጣት ጀምሮ አንድም ቀን አላየችውም። ምን እንደሆነ ስንነግራት ሳቋን ለቀቀችው። «እኔ እኮ ለካ የሰው ፊልም ላይ ነው የተዳርኩት!» አለች። ካሴቷን ለብቻው አልሰጥም ብላ ነጠላዋን አንስታ አብራን መኪና ገባች።

ሞጆ አንድ የሙያ ጓደኛዬ የድሮ ካሜራ አለው። እሱ ጋ ሄደን እጄን በሳሙና ታጥቤ ካሴቱን አስገባሁ። ምርቃቱ ጀመረ። የትዕግሥት አባት ከሽማግሌዎቹ መሀል ቆመዋል፤ ካረፉ ቆይተዋል። ትዕግሥት አፏን በነጠላዋ ይዛ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ማንም እለፊው አላለኝም፣ ከድርም ቢሆን። ምርቃቱን እስከ መጨረሻው አሜን ብለን ሰማነው። ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ ምስሉ ተቆራርጦ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ኦቦ ቃሲም ብቅ አሉ።

የተረፈው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ምክራቸው ሄዷል፤ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ናት፦ ዝናቡ እስኪወጣ እዚህ ክረም፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ከዚያ ቀረጻው ያለቀ መስሏቸው ቀጥታ ወደ ካሜራው አዩ። «ዱሜ? ሃ ዴሙ?» አሉ። አለቀ? ልሂድ? ማለታቸው ነው። መልስ ሲያጡ ተነስተው፣ ልብሳቸውን አራግፈው ወደ ደረቁ አገዳ ገቡ። ቀረጻው እዚያ አለቀ። ከድር ግንባሩን ካሜራው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን እያለቀስኩ መጋጠሚያው ታየኝ፤ ሥራ የለመደ ሰው ምን ያድርግ!

አዳማ ተመልሰን ገጠምነው። ኦቦ ቃሲም አገዳውን በእጃቸው ከፈል አድርገው ሲገቡ፣ እንቅስቃሴው ሳያልቅ ቆረጥኩ። በሁለተኛው ፊልም ውስጥ ልጁ አረንጓዴውን ማሽላ ከፈል አድርጎ ብቅ የሚልበት ምስል ነበረን፤ እሱን አስከተልኩ። የአባት እጅ ደረቁን ይከፍታል፣ የልጅ እጅ ከለምለሙ ይወጣል። ክረምቱ አለፈ በቃ! ዓይኔ ደክሞ ከስክሪኑ በስንዝር ርቀት ተጠግቼ ነው የሠራሁት፤ በሕይወቴ ከገጠምኩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የተጣላነው በኦቦ ቃሲም ጥያቄ ላይ ነው። «ልሂድ ካሉ በኋላ ዝም ይላል» አለ ከድር። «ልጁን የሚጫወተውን ተዋናይ ድምፅ እንጨምርና ሂድ አባ ይበል።»

«ማንም ምንም አይልም።»

«አሥር ሰከንድ እኮ ነው ገኒ! በአክሽን ፊልም ውስጥ አሥር ሰከንድ ዝምታ! ሕዝቡ ተበጠሰ ብሎ ያፏጫል።»

«ያፏጭ። አባትህ ጠይቀው ሄዱ፤ መልስ አትስፋላቸው።»

ቀኑን ሙሉ ተኳረፍን። ሲመሽ «እሺ፣ ያንቺ ይሁን፤ አንድ ፉጨት ከሰማሁ ግን እገድልሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተመረቀ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ የድሮ ሹፌሮች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል፣ የሞጆዎቹ አንድ ሚኒባስ ሞልተው መጥተዋል። ትዕግሥትም ከነባሏ አለች። ሃዳ ከድር ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። የመኪናው ማሳደድ ላይ ጎረምሳው ሁሉ ይጮኻል፣ ያጨበጭባል። ድልድዩ መጣ፣ ሰውየው ወደቀ፣ ጫጫታው ረገብ አለ። ኦቦ ቃሲም ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ወጡ። ሃዳ ከድር ትንፋሻቸው ሲቆም ሰማሁት።

«ዱሜ? ሃ ዴሙ?»

ዝምታዬ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሚያፏጭ የለም።

«ኤዬ» አሉ ሃዳ ከድር ከጎኔ፣ ለስላሳ በሆነ ድምፅ፣ ከበራቸው ላይ እንደሚሸኟቸው። «ነጋን ዴሚ።» አዎ፤ በሰላም ሂድ።

አዳራሹ ሁሉ ሰማ። አንድ ሰው አልሳቀም። ኦቦ ቃሲም ልብሳቸውን አራገፉና አገዳው ውስጥ ገቡ፤ ልጁ ከለምለሙ ወጣ። ከፊት ወንበር ላይ የከድር ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ሃዳ ከድር በጨለማው እጄን ፈልገው ያዙት፣ እስከ ፊልሙ መጨረሻም አልለቀቁኝም። ከዚያ በኋላ ስንት መኪና ተጋጨ፣ አንድ ተሳቢም ሙሉ በሙሉ ነደደ ይባላል። እኔ አንዱንም አላየሁ።